አያት ቤት ሕጉ የማን ነው?

ጠያቂዋ፦
ልጄ ሁለት ዓመት ከሁለት ወሩ ነው። እኔና ባለቤቴ ሥራ ስለምንውል በሳምንት አራት ቀን አማቴ ዘንድ ይውላል። ምንም ክፍያ አይቀበሉንም። ለዚህ ውለታቸው ቃል የለኝም።

የጠየቅናቸው ሦስት ነገር ብቻ ነው። ስልክ አይሰጠው፣ ከምሳ በፊት ጣፋጭ አይብላ፣ ከምሳ በኋላ ይተኛ። ማታ ልወስደው ስሄድ ሦስቱም ፈርሰው ነው የምደርሰው። ጉንጩ ይጣበቃል። ዓይኑ ቀልቷል። አጥርቶ ከሚላቸው ጥቂት ቃላት አንዱ "ስልክ" ሆኗል። ቤት ገብተን እምቢ ስለው መሬት ላይ ይንከባለላል።

ትናንት ቀስ ብዬ አነሳሁባቸው። "እኔ አራት ልጅ አሳድጌ ለወግ ለማዕረግ አብቅቻለሁ፤ አንዱም አልተበላሸ" አሉኝ። ከአራቱ አንዱ ባሌ ነው፤ ምን ብዬ ልመልስ? እሱን ስጠይቀው ደግሞ "ተያት፣ እናቴ እኮ ናት" ይላል።

እስቲ ፍረዱኝ። ልጁ እሳቸው ዘንድ ሲውል ሕጉ የእኛ ነው ወይስ የእሳቸው?

የሦስት ልጆች አባት፦
የወላጅ ነው። አለቀ። ልጁ ሲታመም ሌሊቱን ቁጭ ብለሽ የምታነጊው አንቺ ነሽ።

ስለ ስልኩ ደግሞ ግትር አይደለሽም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የአንድ ዓመት ልጅ ጨርሶ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጥ ይመክራል። ለሁለት ዓመት ልጅ በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፣ ካነሰም ይሻላል ነው የሚለው። የእንቅልፍም ነገር አለበት፤ በዚህ ዕድሜ የቀኑን ጨምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት። ቀን ያልተኛውን ከየት አምጥቶ ይሞላዋል? አማትሽ አራቱን ሲያሳድጉ ኪስ ውስጥ የሚገባ ስክሪን አልነበረም። ስለዚህ "አሳድጌያለሁ" የሚለው እዚህ ላይ አያዋጣም።

አያት ነኝ፦
እስቲ እኔም ልናገር ልጆቼ። 66 ዓመቴ ነው፤ የልጄን ልጅ የማውለው እኔ ነኝ። ልጄ ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ለጥፋልኛለች። አሥራ አንድ ትእዛዝ አለበት፤ ቆጥሬዋለሁ። "እናቴ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው" የሚል ግን አላየሁበትም።

ልጁ ይሮጣል፤ እኔ አልሮጥም። የጣድኩትን ላወርድ ስል እግሬ ሥር ይገባል። ያኔ ስልኩ ሦስተኛ እጄ ነው። እንዳይቃጠልብኝ ብዬ እንጂ ስክሪን ወድጄለት አይደለም።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሠራተኛ ከሆንኩ ደመወዝ ቁረጡልኝ፤ አያት ከሆንኩ አያት ልሁን። ትንሽ ማሞላቀቅ ድርሻዬ ነው።

የመንታ እናት፦
እማማ፣ ማሞላቀቁን ማን ይነፍግዎታል? እኔ ከእናቴ ጋር የተጣላሁት በከረሜላው አይደለም። ልጄን "ለእማዬ እንዳትነግሪ" ስትላት ሰምቼ ነው። ልጅ ከእናቷ ምስጢር መደበቅን በሁለት ዓመቷ ከለመደች፣ ነገ ሌላ ሰው "እንዳትነግሪ" ሲላት በምን ትለየዋለች? ከረሜላውን ስጪያት፤ ፊት ለፊቴ ስጪያት አልኳት። አኮረፈች። ሳምንት ቆይታ ግን ፊት ለፊቴ መስጠት ጀመረች።

አጎት፦
እኔ እህቴ ሕግ ስታበዛብኝ ልጇን መያዝ ተውኩ። አሁን በሁለት ወር አንዴ ሲያየኝ እንደ ባዳ ያለቅስብኛል። ሕጉ ግን ተከብሯል።

አክስቱ ያሳደገችው፦
አጎት ቀልድ አስመስሎ ትልቅ ነገር ነው የተናገረው። እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ቤታችን የሚረጋጋ ቤት አልነበረም፤ ዝርዝሩ ይቅር። ኤሚ ቨርነር የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ካዋይ በምትባል የሃዋይ ደሴት የተወለዱ ልጆችን ጎልማሳ እስኪሆኑ ድረስ ተከታትላለች። ችግር በበዛበት ቤት አድገው ቀና ሆነው የወጡት ልጆች ከጎናቸው ምን እንደነበራቸው ስታይ፣ ደጋግማ ያገኘችው አንድ የሚያስጠጋ ሰው ነው። አያት፣ አክስት፣ እንዲህ ያለ ዘመድ። እንግዲህ ይህን ሰው በብስኩት ምክንያት ማስቀየም ነው የተያዘው።

የሦስት ልጆች አባት፦
የጠያቂዋ ቤት ችግር የበዛበት ቤት አይደለም። ነገሩን አታምታታው።

አክስቱ ያሳደገችው፦
ዛሬ አይደለም። ሰው ነገ የሚገጥመውን አያውቅም። ሰላም የሆነ ቤትም ቢሆን ሕግ የሚያበዛ ከሆነ የሚከፈልበት የሕፃናት ማቆያ ያስገባ።

ሕግ የተማርኩ፦
"ሕጉ የማን ነው" ከተባለ ዘንድ ቃል በቃል ልውሰደው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 5 ልጅን የመምራት ኃላፊነትና መብት የወላጆች መሆኑን ይናገርና፣ እንደየአካባቢው ልማድ የሰፊውን ቤተሰብ አባላትም አብሮ ይጠራል። ዘመድ ጨርሶ ባዳ አይደለም ማለት ነው። በሌላ በኩል የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ትሮክሰል እና ግራንቪል በተካሰሱበት ጉዳይ ለእናትየው ፈርዷል። አያቶቹ እሷ ከፈቀደችው በላይ የልጅ ልጆቻቸውን ማየት ፈልገው ነበር።

አጎት፦
እና አማቷን ትክሰስ?

ሕግ የተማርኩ፦
ኧረ በስመ አብ! እዚያ ከተደረሰማ ያሸነፈውም ተሸንፏል።

የሕፃናት ነርስ፦
ስክሪኑም እንቅልፉም ለጊዜው ይቆየን። እኔን የሚያስፈራኝ የአያት ቦርሳ ነው። አትሳቁ። ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት መድኃኒት ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጣል። አያት ግን በየቀኑ ስለሚወስዱት እጃቸው በሚደርስበት ያኖሩታል፤ አልጋው አጠገብ፣ ቦርሳ ውስጥ፣ በየቀኑ በተከፋፈለችው ሳጥን ውስጥ። ያቺ ሳጥን የተሠራችው ለደከመ ጣት እንድትመች ነው። ለልጅ ጣትም ትመቻለች። ለስኳርና ለደም ግፊት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ፣ አንዲት ፍሬ ብቻ የዚህን ልጅ ሕይወት አደጋ ላይ ልትጥል ትችላለች። እሱ ከረሜላ ናት ብሎ ነው የሚውጣት። "ልጅ አይከፍተውም" የሚባለው ክዳንም ቢሆን ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም።

ከዚያ ክቧ ትንሽ ባትሪ አለች። ሪሞት ውስጥ፣ ሚዛን ውስጥ፣ ለጆሮ በሚደረገው ማዳመጫ ውስጥ ትገኛለች። ተውጣ ጉሮሮ ላይ ከቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ልታቃጥል ትችላለች። ዋጣት ብላችሁ ከጠረጠራችሁ "በሰገራ ትወጣለች" ብሎ መጠበቅ የለም፤ ወዲያው ሆስፒታል ነው። ሙሉ ለውዝና ሙሉ የወይን ፍሬም ያው አደጋ ናቸው፤ የልጅ የአየር ቧንቧ ጠባብ ነው። ወይኑ በቁመቱ ይቆረጥ። ሙሉ ለውዝ እስከ አምስት ዓመቱ ይቆይ።

በእነዚህ ድርድር የለም፣ የማንም ቤት ይሁን። ሌላው ግን ይደራደራል። አሥራ አንድ ትእዛዝ ከተለጠፈ አንዱም አይነበብም። የባትሪው ነገር ከካልሲው ነገር ጋር እኩል ከተጻፈ አያት ሁለቱንም እኩል ይንቋቸዋል። እኔም ብሆን እንቃቸዋለሁ።

አያት ነኝ፦
ሳጥኗን አሁን ተነስቼ ቁም ሳጥን አናት ላይ አደረግኋት። እውነትሽን ነው ልጄ። ወረቀቱ ላይ ግን ይሄ አልነበረም። የውኃ ኩባያው ቀለም አለ።

የመንታ እናት፦
ጠያቂዋ፣ ባልሽን ማንም አልጠየቀውም እኮ። "ተያት" ብሎ ዞር አለ፣ አንቺና አማትሽ ተፋጠጣችሁ። አንቺ ስትናገሪ "ምራቴ ልታስተምረኝ መጣች" ነው። እሱ ያንኑ ቃል ቢናገር ልጃቸው ነው፤ ተቆጥተውት ምሳ ያቀርቡለታል። እኛ ቤት ለእናቴ የምነግራት እኔ፣ ለእናቱ የሚነግራት እሱ ነው።

የሦስት ልጆች አባት፦
እዚህ ላይ ራሴን አየሁት። የመጀመሪያው ልጃችን ጊዜ ለእናቴ የምትናገረው ሚስቴ ነበረች። እኔ መሐል ላይ ደግ ሰው ሆኜ ኖርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ እናቴ ሚስቴን ክፉ አድርጋ ነው ያየቻት፤ ሕጉን ያወጣሁት ግን እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ላይ "አለቀ" ያልኩትም በዚሁ አፌ ነው። በሉ እንግዲህ፣ አላለቀም።

ጠያቂዋ፦
ይህን ሁሉ ማታ ለባሌ አነበብኩለት። አያቷ ስለ ጉልበታቸው የተናገሩት ላይ ስደርስ ዝም አለ። ዛሬ ጠዋት ልጁን እሱ ወሰደው፤ እኔ ዘግይቼ ደረስኩ።

"ስልኩን መቼ ነው የምትሰጪው?" ብሎ ጠየቃቸው። እኔ አንድም ቀን እንዲህ ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ የማውቀው "አይሰጠው" ማለት ነው። ምሳ ሲሠሩ ብቻ ነው አሉ። ልጁ ወንበር እየጎተተ ምድጃው ጋ ይወጣል፣ እሳቸው ደግሞ ወገባቸውን ስለሚያማቸው በአንድ እጅ አንስተው ሊያወርዱት አይችሉም። ከሰኞ ጀምሮ ምሳውን እኛ ማታ ሠርተን እንልካለን ተባባልን። እንቅልፉ ገና ነው። "ካልደከመው በግድ አላስተኛውም" ብለዋል፤ ባሌም እኔን አየኝ፣ እኔም ግድግዳውን አየሁ።

ቦርሳቸውን በተመለከተ ነርሷን ላመሰግን። የደም ግፊት ኪኒናቸው ውጪኛው ኪስ ውስጥ ነበረ፣ ክዳኑ በደንብ ሳይገጠም። ሲያዩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው የደነገጡት። በሩ ጀርባ ከፍ ያለ መስቀያ ላይ ሰቀሉት፤ ልጁ ሲንጠራራ እንኳ አይደርስበትም።

ችግሩ፣ ከረሜላውም የሚቀመጠው እዚያው ቦርሳ ውስጥ ነው። ስወጣ በሩ ሥር ቆሞ ወደ ላይ እያየ እጁን ዘርግቶ ነበር። አማቴ ደግሞ እኔን እያዩኝ፣ "አይዞህ፣ እሷ ትሂድ" አሉት። ፊት ለፊቴ።