እናቴ ወደ አሜሪካ ልትመጣ ነው፤ ለስልኳ ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ እናቴ በሚቀጥለው ወር ከአዲስ አበባ ወደ ቨርጂኒያ ትመጣለች፤ ሦስት ወር ያህል ትቆያለች። ስልኳ ሁለት ሲም የሚይዝ ሳምሰንግ ነው። የቴሌውን ቁጥር በሮሚንግ (በውጭ አገር ኔትወርክ) ትጠቀም፣ ኢሲም (ያለ ካርድ በኢንተርኔት የሚጫን ሲም) ልግዛላት ወይስ የዚህን አገር ሲም ላውጣላት? የምታውቁ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ በሰላም ያምጣልሽ። የዚህን አገር ሲም አውጪላቸው፤ የቴሌው ሲም ግን ከስልኩ እንዳይወጣ። የባንክ ማረጋገጫ ኮዱም የቴሌብር መልእክቱም የሚመጣው በሱ ነው። ከመነሳታቸው በፊት ቴሌ ሄደው ሮሚንግ ያስከፍቱ፣ ትንሽ ካርድም ይሙሉ። ዳታ ሮሚንጉን ግን ቦሌ የሚሸኛቸው ሰው ያጥፋላቸው። ይሄ ከተረሳ ዋትስአፕ የቤተ ዘመዱን ፎቶ ሲያወርድ ብቻ ካርዱ ያልቃል። በሮሚንግ ስልክ ማንሳትም ስለሚያስከፍል፣ አገር ቤት ያሉት በቴሌግራም ወይም በኢሞ ይደውሉላቸው። አዲስ ሲም ገባ ተብሎ ዋትስአፕና ቴሌግራም አይቀየሩም፤ ቁጥር ይቀየር ወይ ብሎ ቢጠይቅ እምቢ ይበሉ።

ከሁሉ በፊት ስልኩን አጣሪ። እዚህ ያሉት ትልልቅ የስልክ ኩባንያዎች በ2022 የድሮውን 3ጂ ኔትወርክ ዘግተዋል። ስልኩ በ4ጂ ድምፅ ማስተላለፍ ካልቻለ፣ ማለትም ቮልቲ ከሌለው፣ ኢንተርኔቱ እየሠራ መደወል እምቢ ይላል። እናትሽ *#06# ይጫኑና የሚወጣውን 15 አሃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር ፎቶ አንስተው ይላኩልሽ፤ አንቺ ሲም በምታወጪበት ኩባንያ ድረ ገጽ ላይ አስገብተሽ እዪው። ኤቲ ኤንድ ቲ የሚቀበላቸውን ስልኮች በዝርዝር ስለወሰነ ከአገር ቤት ለሚመጣ ስልክ አልመርጠውም። ቲ ሞባይል ይሻላል። ሚንት ሞባይልም በዚያው በቲ ሞባይል ኔትወርክ ነው የሚሠራው፤ የሦስት ወር ሂሳብ ባንዴ የሚከፈልበት ጥቅል ስላለው ለእናትሽ ቆይታ ልክ ይመጣል። የቤተሰብ ፕላን ካለሽ ግን መጀመሪያ አንድ መስመር ለመጨመር ስንት እንደሚጠይቁሽ እዪ።

ኢሲምን በተመለከተ፣ ኤራሎን የመሳሰሉት ኢሲም ሻጮች ለአጭር ጉዞ በጣም ጥሩ ናቸው፤ እኔም እጠቀምባቸዋለሁ። ግን አብዛኛው ጥቅላቸው ዳታ ብቻ ነው፣ የሚደወልበት የአሜሪካ ቁጥር የለውም። ለሦስት ወር እዚህ ለሚቀመጡ ትልቅ ሰው፣ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲያዝ እንኳ የሚጠየቀው ስልክ ቁጥር ስለሆነ፣ አይበቃም።

ሌላ መልስ፦ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ ትንሽ ልጨምር። ብዙ ሰው በአንዱ ቦታ የቴሌውን 09፣ በሌላው የሳፋሪኮሙን 07 ስለሚያስገባ ለአዲሱ ሲም ቦታ አይኖርም። የ07ቱ ይውጣና በትንሽ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ፓስፖርት መያዣው ውስጥ ይግባ። በዚያ ቁጥር ኤምፔሳ ላይ ገንዘብ ካላቸው ከመውጣታቸው በፊት ያዘዋውሩት።

የሚመጡት በዱባይ በኩል ከሆነ፣ እዚያ በዋትስአፕ መደወል ዝግ ነው፤ ጽሑፍና የድምፅ መልእክት ግን ያልፋል። ትራንዚቱ ረጅም ከሆነ ቦቲም የሚባለው የመደወያ አፕ ቀድሞ ይጫንላቸው፤ አንቺም ጫኚ፣ አለዚያ አትገናኙም።

እዚህ ቨርጂኒያ ያለው ደለስ (Dulles) ኤርፖርት ዋይፋዩ ነፃ ነው፤ ቢሆንም ደክሟቸው ስለሚደርሱ በሱ ብቻ አትተማመኚ። ስልክ ቁጥርሽና የቤትሽ አድራሻ በእንግሊዝኛ በወረቀት ተጽፎ በእጅ ቦርሳቸው ይሁን። ኢሚግሬሽን ላይ የት ነው የሚያርፉት ሲባሉም ያንኑ ያሳያሉ።