ክርክር፦ የቻይና ሠራተኞች ማደሪያ ቤት ፈቃድ የሚጠቅመው ማንን ነው?

አወያይ፦ መነሻችን ሲንጋፖር ናት። ከቻይና፣ ከህንድና ከባንግላዴሽ የመጡ የግንባታ ሠራተኞች የሚያድሩባቸው ቤቶች ልዩ ፈቃድ ማውጣት የነበረባቸው 1,000 አልጋና ከዚያ በላይ ሲኖራቸው ብቻ ነበር። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ 7 አልጋ ያለውም ገባበት። ትንንሾቹን ማስገባት ሠራተኛውን ይጠቅማል ወይስ ማደሪያ ያሳጣዋል? (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳኒተሪያን (የአካባቢ ጤና ባለሙያ)፦ ይጠቅማል። በ2020 ኮቪድ በነዚህ ማደሪያዎች እንደ ሰደድ እሳት የተዛመተው ተደራራቢ አልጋ በሞላባቸው ክፍሎች ነው፤ በድሮው ደንብ አንድ መጸዳጃ ለ15 ሰው ይበቃል ይባል ነበር። በ2021 ለአዳዲስ ሕንፃዎች የወጣው መስፈርት በአንድ ክፍል ከ12 ሰው አይበልጥም ይላል፤ ለእያንዳንዱ ሰው 4.2 ካሬ ሜትር (የጋራ መገልገያው ሳይቆጠር)፣ በአልጋና በአልጋ መካከል 1 ሜትር፣ ለ6 ሰው አንድ መጸዳጃና መታጠቢያ እዚያው ክፍሉ ውስጥ። ስለዚህ 12 ሰው የሚያድርበት ክፍል ቢያንስ 50 ካሬ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ወሰኑ ዝቅ ማለቱም ተገቢ ነው። የሆንግ ኮንግ የ1994 የአልጋ ኪራይ ሕግ የሚጀምረው ከ12 አልጋ ነው፤ አከራዩ አንዷን አልጋ አውጥቶ 11 ካደረገ ሕጉ አይደርስበትም።

ጠበቃ፦ እኔን የሚያሳስበኝ የአልጋው ቁጥር ሳይሆን የሚቀጣው ሰው ማንነት ነው። ሳን ፍራንሲስኮ በ1870 ለእያንዳንዱ አዳሪ 500 ኪዩቢክ ጫማ አየር ይኑረው ብላ ደነገገች፤ 14 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። 4 በ4 የሆነ፣ ጣሪያው 3 ሜትር ከፍ ያለ ክፍል 48 ሜትር ኩብ ስለሚይዝ የሚፈቀደው ለ3 ሰው ነው። አራተኛው ሲገባ አከራዩ ብቻ ሳይሆን የተኛው ሰውም ተከሳሽ ይሆናል። ፖሊስ በሌሊት የሚገባው ወደ ቻይናውያኑ ሰፈር ነበር። እነሱም ቅጣቱን አንከፍልም ብለው እስር ቤቱን ሞሉት፤ እስር ቤቱ ራሱ ለአንድ ሰው 500 ኪዩቢክ ጫማ አልነበረውም! ከተማው በ1876 የእስረኛን ፀጉር የሚያስቆርጥ ደንብ አወጣ። ሆ አህ ካው የተባለው እስረኛ ሹሩባው (የቻይና ወንዶች ያኔ ወደ ኋላ የሚጎነጉኑት ረጅም ፀጉር፣ መቆረጡ እንደ ውርደት የሚቆጠር) ስለተቆረጠ ከሰሰ፤ በ1879 ዳኛ ስቲቨን ፊልድ ደንቡ ያነጣጠረው ቻይናውያን ላይ ነው ብለው ፈረዱለት።

ሳኒተሪያን፦ ጠበቃ፣ ያ ዘረኝነት ነው፤ ጥፋቱን መለኪያው ላይ አታድርገው። መለኪያው ጉድለት የለበትም አልልም። ጣሪያው ከፍ ያለ ክፍል አልጋዎቹ ተነካክተው እንኳ በሜትር ኩብ ያልፋል። ለዚህ ነው የወለል ስፋት፣ የአልጋ ርቀትና የሚከፈት መስኮት አብረው መጠየቅ ያለባቸው።

ጠበቃ፦ እስማማለሁ። ግን የ1870ው ድንጋጌ «ቻይናዊ» የሚል ቃል አልነበረበትም፤ አድልዎው የገባው በአፈጻጸሙ ነው። ስለዚህ «አዳሪ በማደሩ አይከሰስም» የሚል አንቀጽ በግልጽ ይጻፍ።

የሥራ ተቆጣጣሪ፦ ሁለታችሁም ዕዳን ዘለላችሁት። በ1877 ሲንጋፖር የቻይናውያን ጥበቃ ቢሮ ሲቋቋም ኃላፊው ዊልያም ፒክሪንግ ቻይንኛ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ የሠራተኛ መቀበያ ቤቶቹም በፈቃድ እንዲሠሩ ተደረገ። ሆኖም የመርከብ ዋጋውን በብድር የመጣ ሰው ዕዳውን የሚከፍልለት አሠሪ እስኪገኝ ድረስ እዚያው ይያዝ ነበር። በፈቃድ የሚሠራ ቤትም ማገቻ ሊሆን ይችላል። ዛሬም አልጋውንም ደመወዙንም የያዘው አንድ ሰው ከሆነ ስለ ትኋን ያማረረ ሠራተኛ ሥራውን ያጣል።

ቁጥጥሩም እንደ ወረቀቱ ቀላል አይደለም። ቀን ከሄድክ ባዶ አልጋ ቆጥረህ ትመለሳለህ፤ በፈረቃ አንድ አልጋ ለሁለት ሰው ስለሚከራይ ማታም ንጋትም መሄድ ግድ ነው። የደመወዝ መዝገቡን ካገኘኸው ሰው ቁጥር ጋር ታመሳክራለህ። ክፍሉን ራስህ ትለካለህ፤ ፕላኑ ላይ የሌለ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ያኔ ነው። የመውጫው በር ከውስጥ ያለ ቁልፍ መከፈቱን ትሞክራለህ። አዳሪዎቹን አከራዩ በሌለበት ታነጋግራለህ፤ አስተርጓሚው የአከራዩ ሰው ከሆነ የሰማኸው ሁሉ ዋጋ የለውም።

አወያይ፦ 12 በሚፈቀድበት ክፍል 20 ሰው ቢገኝስ?

ሳኒተሪያን፦ 8ቱ በዚያው ሌሊት መውጣት አለባቸው።

ጠበቃ፦ ወዴት ይሄዳሉ? ድልድይ ሥር?

የሥራ ተቆጣጣሪ፦ ባለፈቃዱ ፈቃዱን ሲያወጣ የዋስትና ገንዘብ ያስይዝ፤ የ8ቱ ሰዎች የሌላ ቤት ኪራይ ከዚያ ይከፈል። ተለዋጭ አልጋ ሳይገኝ ማንም አይውጣ፤ እስከዚያው በሮቹ ክፍት ይሁኑ፣ የእሳት ጥበቃ ሰው በየሌሊቱ ይቁም።

ሳኒተሪያን፦ ገደብ ካልተቀመጠለት ይህ መዘግየት ልማድ ይሆናል። ሲንጋፖር ለነባር ማደሪያዎች ሙሉ መስፈርቱን እስከ 2040 አራዝማለች፤ ይህ ለእኔ እጅግ ረጅም ነው። ለተጨናነቀ ክፍል 7 ቀን ይበቃል።

ጠበቃ፦ 7 ቀን እቀበላለሁ፤ ቅጣቱ ለባለፈቃዱ ብቻ ከሆነ።