ለሸክላ ሠሪዋ የተለየ ፈንድ ወይስ እንደማንም ብድር?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ! የዛሬው ክርክር ከአዲስ አበባው ቀጨኔ ሰፈር ይነሳል። ሸክላ ሠሪ እናቶች ሥራቸውን ለማስፋት ብድር ሲጠይቁ ዋስትና ላይ ይሰናከላሉ። አንድ አባላችን «ለእነሱ ብቻ የሚሆን ፈንድ ይቋቋም» ብሎ ነበር። ሌላው ደግሞ «ልዩ ፈንድ የምጽዋት ሌላ ስሙ ነው፤ እንደማንኛውም ነጋዴ ይበደሩ» አለ። ሐሳባችሁን አምጡ። ስድብ የለም።

የቀጨኔ ልጅ፦ ፈንዱን ያልኩት እኔ ነኝ። እናቴ ጀበናና ድስት ሠርታ ነው ያሳደገችን። አፈሩን ከጋራ በጀርባዋ ታመጣለች። ትወቅጣለች፣ ትነፋለች፣ ታቦካለች፣ ታበጃለች፣ ታደርቃለች። እሳት ውስጥ ሲገባ ደግሞ የሚሰነጠቅ አለ። ይህ ሁሉ አልፎ ተረካቢው ነጋዴ መጥቶ ዋጋውን ራሱ ይቆርጣል። ለምን አትሉም? ክረምት ላይ ብር ሰጥቷት ነበራ! በዝናብ ሸክላ አይደርቅም። እጅ ባዶ ሲሆን የሚደርስላት እሱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ መስከረም ላይ ዋጋ መከራከር የለም። አንድ አበዳሪ ተቋም ሄደን ነበር። «የቤት ካርታ አላችሁ?» አሉን። የምንኖረው በቀበሌ ቤት። «እንግዲያው ደመወዝ ያለው ዋስ አምጡ» አሉ። ደመወዝተኛ ዘመድ ቢኖረን ተረካቢው ጋ ምን አስኬደን?

የብድር ባለሙያ፦ ወንድሜ፣ ስሜትህ ይገባኛል። ግን እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ስላለሁ በሌላ በኩል ልንገርህ። የማበድረው የሌላ ሰው ቁጠባ ነው። ልዩ ፈንድ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የዓለም ባንክ 50 ሚሊዮን ዶላር ያጸደቀለት የሴቶች ኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ፕሮጀክት ነበር። ገንዘቡ በልማት ባንክ በኩል ወደ ማይክሮፋይናንስ ወረደ፤ በቡድን ሳይሆን በግል ለሚበደሩ ሴቶች። ጥሩ ሥራ ተሠርቶበታል። ግን ማን ደረሰው? ንግድ ፈቃድና ቲን ያላት፣ ሱቋ ወይም ዳቦ ቤቷ ቀድሞ የቆመላት። እናትህ ፈቃድ አላት?

የቀጨኔ ልጅ፦ የላትም። እሱንም ለማውጣት ወረፋና ብር ይጠይቃል።

ሕግ ያነበበው፦ ኧረ ሕጉን አትርሱት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና እንዲሆን ፈቅዷል። ከብት፣ ሰብል፣ ማሽን፣ የዕቃ ክምችት ሳይቀር። ስለዚህ ካርታ ባይኖርም መንገድ አለ።

የብድር ባለሙያ፦ በሕግ ልክ ነህ። ግን ጋሼ፣ ተበዳሪዋ መክፈል ቢያቅታት ሁለት መቶ ጀበና ተረክቤ የት ልሂድ? ቢሮ ውስጥ ቡና ላፍላ?

ሕግ ያነበበው፦ 😂 ጀበናውን ማን አለህ! ተሰብሳቢ ሒሳብም ዋስትና ይሆናል እኮ። አንድ ሆቴል ድስት አዝዞ ውል ከፈረመላት፣ የምትሰበስበው ገንዘብ ራሱ ዋስትና ነው።

ባልትና ነጋዴዋ፦ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልበል። ሆቴል ውል የሚፈርመው ደረሰኝ ለሚሰጥ ነው፤ እንደገና ወደ ፈቃዱ ተመለስን። ደግሞ ካርታ ያላት ሴት ሁሉ የምትበደር ይመስላችኋል? እኔ በርበሬና ሽሮ ነው የምሸጠው። ቤታችን የጋራ ነው። በቤተሰብ ሕጉ የጋራ ቤት መያዣ የሚሆነው ሁለታችንም ስንስማማ ነው። ሕጉ ፍትሐዊ ነው፣ አልወቅሰውም። ባለቤቴ ግን «ቤቴን ለበርበሬ አላስይዝም» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ያዳነኝ እቁብ ነው። የመጀመሪያውን ዕጣ ለምኜ ወሰድኩ፣ ወፍጮ ቤት ያለብኝን ዕዳ ከፈልኩ። እና ፈንዱ ለሸክላ ሠሪ ብቻ ከሆነ እኔ የት ልግባ?

የቀጨኔ ልጅ፦ እታለም፣ አንቺን እቁብ ያስገባሽ ጎረቤት ነው። እኛን «ቡዳ ናቸው» እያለ የኖረ ሰፈር ነበር። እናቴ ልጅ ሆና ጀበናዋን እየገዙ ቤታቸው ግን አያስገቧትም ነበር። አሁን ተሽሏል፤ ጨርሶ ጠፍቷል ግን አልልም። ልዩ ፈንድ ያልኩት ለዚህ ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 35 ላይ የቆየ መድልዎ ለደረሰባቸው ሴቶች ድጋፍ ይፈቅዳል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኛም ከዚህ ከአሜሪካ ልናግዝ እንችላለን። እናት ባንክ ሥራ ሲጀምር ከነበሩት ሐሳቦች አንዱ ይሄ ነው፦ አቅም ያለው ሰው ገንዘቡን ያስቀምጣል፣ ያ ገንዘብ ዋስትና ለሌላት ሴት ዋስ ይሆናል። ብሬን አልሰጥም፤ አስቀምጣለሁ። ምጽዋት ነው የሚለውም ነገር ይቀራል።

ቴሌብር ሱሰኛ፦ ምን ያህል ደከማችሁ! ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ቴሌብር ላይ ያለ ካርታ፣ ያለ ዋስ ብድር አለ። በስልክ ነው።

የቀጨኔ ልጅ፦ ብድሩ የሚሰጥህ ስልክህ ላይ በሚንቀሳቀሰው ብር ልክ ነው። ተረካቢው የሚከፍላት በእጅ ነው። ስልኳ ላይ የሚታየው እኔ የምልክላት ካርድ ብቻ! ደግሞ ያ ብድር ቶሎ የሚመለስ ነው። ሸክላ ጊዜ ይፈልጋል።

የብድር ባለሙያ፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ። እንዲያውም ለእኔ ዋናው ችግር ዋስትናው አይደለም፤ የመክፈያ ጊዜው ነው። በቡድን ዋስትና እናበድር ብንል ቡድኑ ሁሉ ሸክላ ሠሪ ይሆናል። ዝናብ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ላይ ይቆማሉ፣ አንዷ ለሌላዋ መክፈል አትችልም። ገበሬ እህሉን ሲሰበስብ እንዲከፍል የሚደረግበት ብድር አለ። ለሸክላ ሠሪ ግን ሐምሌም ነሐሴም እንደ ሱቅ ነጋዴ በየወሩ ክፈይ እንላታለን። ሰኔ ላይ ብትበደር፣ እፎይታ ተሰጥቷት ከጥቅምት ጀምሮ ብትከፍል፣ የተረካቢው ገመድ ይበጠሳል። ለዚህ አዲስ ፈንድ አያስፈልግም፤ ያለውን ብድር ማስተካከል ነው።

ባልትና ነጋዴዋ፦ ለእኔም ይሠራል! በርበሬ የሚረክሰው ወቅት አለው። ያኔ ገዝቼ ባስቀምጥ ነው የማተርፈው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እና ለምን አታደርጉትም?

የብድር ባለሙያ፦ ቅርንጫፍ አይወስንማ። የዘገየ ክፍያ ሪፖርት ላይ ቀይ ሆኖ ይወጣል፣ እኔ እጠየቃለሁ። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2023 የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት 14 በመቶ ላይ ሲገድብ ደግሞ የባሰ ጠበበ። ያለችው ብር ለትልቅ ደንበኛ ነው የምትሄደው። ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢልም ልማዱ ግን እንዳለ ነው።

የቀጨኔ ልጅ፦ እንግዲያው እኔ ፈንድ ማለቴን አልተውኩም። አንተ ቀይ የምትፈራ ከሆነ፣ የዘገየውን ክረምት የሚሸፍን ገንዘብ ከሌላ መምጣት አለበት። ለማንኛውም የእፎይታውን ነገር ዋና መሥሪያ ቤት የሚወስነው የትኛው ክፍል ነው? የሰው ስም አልፈልግም፣ የሥራ ክፍሉን ብቻ ንገረኝ። ሰኔ ሳይገባ ደብዳቤ እናስገባ።

የብድር ባለሙያ፦ የብድር አገልግሎት ልማት ክፍል ነው። ደብዳቤው ላይ የስንት ሴቶች ፊርማ ታመጣለህ?