ለግፊትና ለኮሌስትሮል የጋራ ፕሮፖዛል፦ ስፔሻሊስቱን ለማን እንጠይቅ?

ፀሀፊ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ የሶስቱም እድር አባላት። እሁድ ከሰልስት መልስ ድንኳን ውስጥ የጀመርነውን ነገር እዚህ እንጨርሰው ብዬ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከሸኘናቸው ውስጥ ስትሮክ የጣላቸው በዝተዋል፣ ገሚሶቹ ግፊት እንዳለባቸው የታወቀው እንኳ ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ነው። እኔ ያረቀቅኩት እንዲህ ነው፣ አንድ የልብ ስፔሻሊስት በወር አንዴ ሽምብጥ እድር ቤታችን ድረስ መጥቶ አባሉን በሙሉ እንዲያይልን፣ ግፊትም ኮሌስትሮልም እንዲለካ፣ ለባህር ዳሮቹ ለፈለገ ሕይወትና ለጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ደብዳቤ እንፃፍ። መጀመሪያው ግንቦት 9 ቢሆን ደስ ይለኛል፣ የዓለም የደም ግፊት ቀን ስለሆነ። ሀሳብ ስጡበት፣ አርብ ማታ እንዘጋዋለን።

ባጃጅ ነጂው፦ በጣም ጥሩ ሀሳብ ነው ጋሸ። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ሰው ማመላለሱን ለኛ ለወጣቶቹ ተዉት።

ሲስተር፦ ልጄ ፀሀፊ ሀሳብህ ከልብ የመጣ ነው እግዜር ይስጥህ፣ ግን እኔ ስንት ዘመን በነርስነት የሰራሁት ሴትዮ እዚህ ጋ ዝም ብል ሀጢያት ይሆንብኛል። አንድ ስፔሻሊስት በወር አንድ ቀን መጥቶ የሶስት እድር ሰው ሊያይ አይችልም፣ ቢችልም ደግሞ አብዛኛው ሰው እሱን አይፈልግም። ግፊት ያለበት ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው በትክክል የሚለካው ሰው፣ በየቀኑ የማይቋረጥ ኪኒን፣ ከዛ እየጠራ የሚያስታውሰው ነው፣ ይሄን ሁሉ ጤና ጣቢያ ያለው ጤና መኮንን ይሰራዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ ያህሉ አያውቁትም፣ በቁጥጥር ስር ያዋሉት ደግሞ ከ5 ሰው አንዱ አካባቢ ናቸው። ይሄ ክፍተት የልብ ሐኪም በማጣት ብቻ የመጣ አይደለም፣ ሰው ሳይለካ፣ ተለክቶም ሳይመለስ፣ ጀምሮም ሲያቆም ነው። ድንኳን ተክለን ለክተን 160 ነህ ብለነው ወደ ቤቱ ከላክነውና ማንም ካልተከተለው አስደንግጠነዋል እንጂ አላከምነውም።

ፀሀፊ፦ ሲስተር ልክ ነዎት፣ ግን ስፔሻሊስት የሚለውን ከፕሮፖዛሉ ካወጣነው ምን ቀረ? ሰው የተነሳሳው እኮ በሱ ነው።

ሲስተር፦ አናወጣውም፣ ቦታውን እናስተካክለው ነው የምለው። ስፔሻሊስት የሚያስፈልገው ሰው አለ፣ እሱን ለይተን እንፃፍ። ሽንት የሚያሸናውን ጨምሮ ሶስት አይነት መድሀኒት በሙሉ ዶዝ በስነ ስርአት እየዋጠ የላይኛው ቁጥር ከ140 በታች አልወርድ ያለው፣ ገና በወጣትነቱ ግፊት የተገኘበት፣ ሽንቱ ላይ ፕሮቲን የታየበት ወይ ኩላሊቱ የደከመ፣ ስትሮክ መትቶት የተረፈ፣ ሲተኛ ትንፋሽ የሚያጥረውና እግሩ የሚያብጥ፣ ነፍሰ ጡር ሆና ግፊቷ የወጣባት። ነፍሰ ጡሯን በተለይ አደራ፣ ኢናላፕሪልን የመሰለ የግፊት መድሀኒት ለፅንሱ አደገኛ ስለሆነ ድሮ ስትወስደው የነበረች ሴት እንዳረገዘች ወዲያው መናገር አለባት። ኮሌስትሮል ላይ ደግሞ መጥፎው የሚባለው ኤልዲኤል 190 እና ከዛ በላይ የሆነበት፣ አባቱ ወይ ወንድሙ በወጣትነት በልብ ድንገት የሞተበት ሰው። እነዚህ ስፔሻሊስት ፊት ሳይገፉ መድረስ አለባቸው፣ ሌላው ሰው ሰልፉን ከያዘባቸው ግን አይደርሱም።

ባጃጅ ነጂው፦ ሲስተር እኔ ለምን እንደተነሳሳሁ ልንገራችሁ። እናቴ አንድ ቦታ ሄዳ ተራ እንዳያልፋት በሩጫ ደርሳ፣ እዛው ቁጭ እንዳለች በጋቢዋ ላይ ጠቅልለው ለክተው 170 አሏት፣ መድሀኒት ታዘዘላት፣ ጀመረችው፣ ከዛ በየጠዋቱ ስትነሳ ያዞራት ጀመር፣ አንድ ቀን ደጅ ላይ ወደቀች። በኋላ በእርጋታ ሲለካ እኮ ግፊቷ ያን ያህል አልነበረም። እና እኔ የስፔሻሊስት ያለህ ያልኩት ከዛ ወዲህ ነው።

ሲስተር፦ አይዞህ ልጄ፣ እናትህን እግዜር ይማርልህ። ግን እየው፣ እናትህን የጎዳት አለካኩ ነው። ፕሮፖዛሉ ላይ አለካክ የሚል ሙሉ ክፍል ይግባ፣ እኔ እፅፈዋለሁ። ሰውየው 5 ደቂቃ አርፎ ይቀመጥ፣ ጀርባው ይደገፍ፣ እግሩን አያነባብር፣ ሽንቱን ሸንቶ ይምጣ፣ ክንዱ ከልቡ እኩል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ ክንዱ ባዶ ይሁን፣ ሲለካ ወሬ የለም፣ ሁለቴ ይለካ። ከመለካቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣ፣ ይሄን ይሄን ሁላችሁም ንገሩልኝ፣ እድር ቤት ስንሰበሰብ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥተን ነው መሳሪያ የምናወጣው። መጠቅለያው ለክንዱ ከጠበበ ደግሞ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ስለዚህ ትልቁም ትንሹም ይኑረን። እጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን አትግዙ።

ገንዘብ ያዥ፦ መግዛት ላይ ስለደረሳችሁ እኔም ልናገር። የሶስቱም እድር መተዳደሪያ ደንብ ገንዘቡ ለቀብርና ለሀዘን ብቻ ነው የሚለው፣ ደንብ ሳይሻሻል አንድ ብር ላወጣ አልችልም፣ ኦዲት አለብኝ። ደንብ ለማሻሻል ጠቅላላ ጉባኤ ያስፈልጋል። ለየብቻ በፈቃደኝነት መዋጮ ከሆነ ግን ሌላ ደረሰኝ አሳትሜ እሰበስባለሁ። ሶስት መለኪያ፣ ለያንዳንዱ እድር አንድ፣ ከዛ በላይ አትጠይቁኝ።

ፀሀፊ፦ ሶስት ይበቃናል፣ ተመዝግቧል።

የፋርማሲ ባለሙያዋ፦ እንደምን ዋላችሁ፣ ዘግይቼ ገባሁ። እኔ መድሀኒቱ ላይ ነው የምጨነቀው። መስኮት ላይ ቆሜ በየቀኑ የማየው አንድ ነገር ነው፣ ሰው አንድ ወር ይወስድና ደህና ነኝ ብሎ ይተወዋል፣ ወይ ጎረቤቱ የሚወስደውን ስጪኝ ይላል፣ ወይ የግፊቱ ኪኒን አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚቱን ሲያሳብጠው፣ ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሲያመጣበት ለማንም ሳይናገር ያቆማል። ሁለቱም መፍትሄ አላቸው፣ ሐኪሙ ይቀይረዋል፣ ማቆም ግን መፍትሄ አይደለም። ኮሌስትሮል የሚቀንሰው ስታቲን ላይም እንደዛው፣ ጡንቻዬን አመመኝ ያለ ሰው ይምጣና ይነጋገር። ሌላ ደግሞ ከስታቲኖቹ አንዱ የሆነው ሲምቫስታቲንና አምሎዲፒን አብረው ሲታዘዙ ሲምቫስታቲኑ ከ20 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም፣ አንዱን ከአንድ ቦታ ሌላውን ከሌላ ቦታ የሚያመጣ ሰው ሲመጣ ማንም አያስተውለውም። ስለዚህ ለያንዳንዱ አባል የሚወስደው ሁሉ የሚፃፍበት አንድ ካርድ ይኑረው፣ የትም ሲሄድ ያሳየው።

ኮሌስትሮልን በተመለከተ አባሉ በሙሉ ይለካ የሚለውን ከረቂቁ አውጡት። በደም መርጋት ስትሮክ የመታው፣ የልብ ደም ስሩ ተዘግቶ የታከመ፣ ወይ እድሜው ከ40 በላይ የሆነ የስኳር ታማሚ ስታቲን እንዲጀመርለት ለመወሰን የቁጥሩን ውጤት መጠበቅ የለበትም። ለሌላው ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ያለ ላብራቶሪ የሚሰራ ሰንጠረዥ አለ፣ እድሜ፣ ፆታ፣ ማጨስ፣ ግፊትና የክብደት ከቁመት ንፅፅር ተይዞ የልብና የስትሮክ አደጋው ይገመታል። ጤና መኮንኑ በዛ ይለያል፣ የላብራቶሪውን ገንዘብ ለሚያስፈልገው እናውለው።

የዘጌው አባል፦ እኔ ልናገር አባቶቼ። ከተማ ያላችሁት በእግራችሁ ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። እኛ ከሀይቁ ማዶ ዘጌ ያለነው ለአንድ ወር ኪኒን ብለን በጀልባ ስንመጣ ቀኑ እዛው ያልቃል፣ ጣና የተቆጣ ቀን ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም፣ ቡና ለቀማ ላይ ከሆነማ ማን ይሄዳል። አባቴ ግፊቱ ተስተካክሎለት ነበር፣ ሁለት ቀጠሮ ቀረ፣ ሶስተኛው ላይ ተቆጥተውት ድጋሚ አልሄደም። ስፔሻሊስቱ ሽምብጥ ቢመጣ ለኛ የሚለወጥ ነገር የለም።

ሲስተር፦ እውነትህን ነው ልጄ፣ አባትህን ማንም ሊቆጣቸው አይገባም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መድሀኒት ለጀመረ ሰው ግፊቱ እስኪስተካከል በየወሩ፣ ለተስተካከለለት ግን ከ3 እስከ 6 ወር ይበቃል ይላል። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ላይ ግፊቱ ለተስተካከለና ከሀይቁ ማዶ ለሚመጣ ሰው የ3 ወር መድሀኒት አንዴ እንዲሰጠው እንጠይቅ፣ በመሀል አንተ ጋ ባለው መለኪያ እየለካህ ቁጥሩን በስልክ ትልክልናለህ።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው መለኪያው አራት ሆነ ማለት ነው። እሺ፣ ለዘጌ ይሁን፣ የሱን እኔ ራሴ አዋጣለሁ።

የዘጌው አባል፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሸ፣ አባቴን እዛው ሆኜ እለካዋለሁ።

እናት አባል፦ ልጆቼ እኔ አይኔ ደከም ስላለ ልጄ ናት የምትፅፍልኝ። ስለፆም ማንም አላነሳም። በአብይ ፆም እስከ 9 ሰዓት ውሃም አንቀምስ፣ የጠዋቱ ኪኒን ይቀራል፣ ሐኪሙ ሲጠይቀን ወስደናል እንላለን፣ ምክንያቱም ይቆጣናል። ፀበል የገቡ ሰዎችም የሚተዉት አሉ። እኔ አሁን እውነቱን ተናገርኩ።

የፋርማሲ ባለሙያዋ፦ እማማ እግዜር ያክብርልኝ፣ ይሄን ባይሉን ኖሮ ፕሮፖዛሉ ጎዶሎ ነበር። አምሎዲፒን በቀን አንዴ ነው፣ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ማታ ላይ ማድረግ ይቻላል። አቶርቫስታቲንም ሰዓት አይመርጥም። ሽንት የሚያሸናው ግን ማታ ከተዋጠ ሌሊት ያስነሳል፣ በጨለማ ሲነሱ ደግሞ መውደቅ አለ፣ ስለዚህ ራስዎ አይቀያይሩት፣ ከፆሙ በፊት ባለው ሳምንት ይምጡና አብረን ሰዓቱን እናስተካክል።

ሲስተር፦ ከዘወረደ በፊት የሰዓት ማስተካከያ ሳምንት ብለን እናስገባው። የንስሀ አባቶችንም እንጋብዝ፣ ፀበል የሚገባ ሰው ኪኒኑን ሳያቋርጥ እንዲገባ ከኛ ይልቅ እነሱ ሲናገሩት ይሰማል።

ባጃጅ ነጂው፦ ስለምግብስ?

ሲስተር፦ እሱን አጭር እናድርገው፣ ሰው ያውቀዋል። በቀን ለአንድ ሰው ከ5 ግራም የማይበልጥ ጨው፣ ያው አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ማለት ነው። እኛ ጋ ግን በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ ሽሮው ሲፈጭ ሌላ፣ ወጡ ላይ ሶስተኛ፣ ስለዚህ መቀነስ ከድለዛው ይጀመር። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ኮሌስትሮል የሚጨምር ቅባት ነው፣ የኑግ ወይ የሱፍ ዘይት ይሻላል፣ ብዙ ባይሆንም። የሀዘን ቤት ወጥ ላይ ጨው እንዲቀነስ ለሴቶቹ ኮሚቴ እኔ እነግራለሁ። ጫትም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ወጣቶቹ ስሙኝ።

ባጃጅ ነጂው፦ ሰምተናል። እኛም አንድ ነገር እናስገባ፣ ሌሊት ድንገት አንድ ሰው ቢወድቅ ስልካችን ክፍት ይሁንና በነፃ እናድርስ፣ ተረኛ እናወጣለን።

ሲስተር፦ ተባረኩ። መቼ እንደሚደወል ግን ሰው ይወቅ፣ አፍ ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲኮላተፍ፣ ደረት ሲጨንቅ፣ በተለይ ግፊቱ ከ180 በ120 በላይ ሆኖ እነዚህ ካሉ ቀጠሮ የለም፣ ሪፈር መጠበቅ የለም፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ምልክት ሳይኖር ቁጥሩ ብቻ ከፍ ካለ ግን አትደናገጡ፣ አሳርፋችሁ ድጋሚ ለኩ፣ ለማውረድ ብላችሁ ተጨማሪ ኪኒን አትስጡ፣ በዛው ቀን ወይ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ፀሀፊ፦ እሺ፣ ረቂቁን እንዲህ ለወጥኩት፣ አንብቡልኝ።

«እኛ የሶስቱ እድር አባላት የምንጠይቀው፣ አንደኛ ለእያንዳንዱ አዋቂ አባል በትክክለኛ አለካክ ግፊቱ ተለክቶ ጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ እንዲገባ፣ ቀጠሮ የቀረ ሰው ስም በየወሩ መጨረሻ ለእድሩ ተጠሪ እንዲነገር፣ ግን በሽተኛው ከተስማማ ብቻ። ሁለተኛ ግፊቱ ለተስተካከለ አባል፣ በተለይ ከሀይቁ ማዶ ለሚመጣ፣ የሶስት ወር መድሀኒት በአንዴ እንዲሰጥ። ሶስተኛ አንድ የውስጥ ደዌ ወይ የልብ ስፔሻሊስት በሶስት ወር አንዴ ጤና ጣቢያው ድረስ መጥቶ ጤና መኮንኑ የለያቸውን ከባድ ታማሚዎች ብቻ እንዲያይ፣ በመሀል ደግሞ ጤና መኮንኑ የሚደውልለት ስልክ እንዲኖረው፣ ሆስፒታል የተላከ ሰውም ምን እንደተደረገለት ፅሁፍ ይዞ እንዲመለስ። በእኛ በኩል አራት መለኪያ፣ ለሁሉም አባል የመድሀኒት ካርድ፣ ሌሊት ተረኛ ባጃጅ እናቀርባለን።»

ግንቦት 9ን ድንኳን ሳይሆን መዝገቡ የሚከፈትበት ቀን አደረግኩት።

የፋርማሲ ባለሙያዋ፦ የጤና መድን አባላት የታዘዘላቸው መድሀኒት ጤና ጣቢያ ሲያልቅ ከኪሳቸው መግዛት እያቃታቸው ነው የሚያቋርጡት። አምሎዲፒን፣ ሽንት የሚያሸናው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ኢናላፕሪልና አቶርቫስታቲን ከመደርደሪያ እንዳይጠፉ የሚል አንድ መስመር ጨምር። ስፔሻሊስት መጥቶ ያዘዘው ከሌለ መምጣቱ ምን ያደርጋል።

ፀሀፊ፦ አራተኛ ሆኖ ገባ።

እናት አባል፦ የፆሙን ሳምንትስ ልጄ?

ፀሀፊ፦ ይቅርታ እማማ፣ አምስተኛ ሆኖ ገብቷል፣ የንስሀ አባቶችም ተጠቅሰዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ማህተሙ እኔ ጋ ነው። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያው በር ላይ እገኛለሁ፣ ሶስት ኮፒ አምጣ፣ አንዱ ለጤና ጣቢያው፣ አንዱ ለክፍለ ከተማው ጤና ጽህፈት ቤት፣ አንዱን ተቀብለናል አስብለን እናስቀምጠዋለን። ለሆስፒታሎቹ የሚሄደውን ግን ጤና ጣቢያው ራሱ እንዲልክ እንጠይቅ፣ ከኛ ሲሄድና ከነሱ ሲሄድ አንድ አይደለም።

ሲስተር፦ ልክ ብለሀል። የአለካኩን ወረቀት እኔ ዛሬ ማታ ፅፌ እጨርሰዋለሁ፣ በትልልቅ ፊደል ታትሞ እድር ቤቶቹ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የዘጌው ልጅ ደግሞ አርብ በጀልባ ስትመጣ አባትህን ይዘሃቸው ና፣ መጀመሪያ እኔ ቤት አርፈው ይለካሉ፣ ከዛ አብረን እንሄዳለን።