ለጥናትም ለድርሰትም፦ ስድስት ኪሎና አራት ኪሎ የትኛው ቤተ መጻሕፍት ይሻላል?

ጥያቄ፦ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን እየሠራሁ ጎን ለጎን አጭር ልብወለድ እሞክራለሁ። የት ሄጄ ልቀመጥ? ጓደኞቼ ሁሉ አብርሆት ነው የሚሉኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ አብርሆት ለመቀመጫ ነው። አራት ኪሎ፣ ፓርላማው ፊት ለፊት፣ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተ፣ ሰፊና ብርሃን የሞላበት፤ ላፕቶፕ ከፍቶ ለመጻፍ እሱን የሚያህል የለም። ሌላ ሰው ያልነካው ነገር ከፈለግሽ ግን ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሂጂ። እ.ኤ.አ. በ1963 ከተመሠረተ ጀምሮ ስለ አገራችን በየቋንቋው የተጻፈውን ሲያሰባስብ ኖሯል፤ የብራና መጻሕፍትም አሉት።

እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምጠቁምሽ የድሮ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፎች ነው። ብዙ የታሪክ ተማሪ ለመጀመሪያ ዲግሪው አገሩ ገብቶ፣ ሽማግሌ ጠይቆ ነበር የሚጽፈው። የጽሑፉን መጨረሻ ገለጥ አድርጊ፤ የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር ታገኛለሽ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ቃሉን የሰጡበት ቦታና ቀን። አንዳንዱ ላይ ሰውየው ምን ምን በደንብ እንደሚያውቁ ጭምር በአንድ መስመር ተጽፏል። ለልብወለድ ከዚህ የተሻለ የገጸ ባሕርይ መነሻ ከየት ይመጣል? አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ቃላቸው የቀረው በታይፕ በተመታ ወረቀት ላይ ነው። የታሪኩ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው፣ ሆድ እንዳይብስሽ። የአማርኛ ተማሪዎቹ ስለ ሥነ ቃል የሠሩትን ጠይቂ፤ ተረቱም፣ ሙሾውም፣ ቀረርቶው እንዳለ በአማርኛ ሰፍሯል።

ዓይንሽ ሲደክም የተቋሙን ሙዚየም እዪ፤ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። የባህል ዕቃዎቹ የተደረደሩት በየብሔሩ ሳይሆን በሰው ዕድሜ ነው፦ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞትና ከሞት ወዲያ። ከብዙ የድርሰት ሥልጠና ይልቅ ይሄ አደራደር ስለ ታሪክ አወቃቀር ያስተምራል ባይ ነኝ።

ሌላ መልስ፦ ወመዘክርን፣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍቱን ዘላችሁት እኮ! ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ቤት ነው፤ አሳታሚ ያሳተመውን እንዲያስገባም በሕግ ይገደዳል። በተለይ ለጋዜጣ እዚያ ሂጂ። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ይታተማል፤ ታሪክሽ በ1960ዎቹ የሚካሄድ ከሆነ ዜናውን እለፊና ማስታወቂያውን አንብቢ። ሰው ምን ይሸጥ፣ ሲኒማ ቤት ምን ይታይ፣ ማን ምን ጠፋኝ ይል እንደነበር ከዚያ ነው የሚገኘው። የቆየ ጋዜጣ ጠርዙ ስለሚሰባበር ግን በሁለት እጅሽ፣ ቀስ ብለሽ ግለጪ።

ጥያቄ፦ አመሰግናለሁ! ዝም ብዬ ብሄድ ያስገቡኛል? የጻፍኩትን የማነብበት ቦታስ?

መልስ፦ የተማሪነት መታወቂያና ከትምህርት ክፍልሽ የድጋፍ ደብዳቤ ያዢ፤ በተለይ ብራና ልታዪ ከሆነ ያለ ደብዳቤ አትሂጂ። ርዕሶቹን ቀድመሽ በወረቀት ጻፊ፣ «ስለ ጎጃም የሆነ ነገር» ብለሽ ብትጠይቂ ማንም አይረዳሽም። የቅርብ ዓመታቱን የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎች ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ስላስቀመጣቸው ለእነሱ የታክሲ ገንዘብ አታውጪ። ለማንበቢያ መድረክ እዚያው ስድስት ኪሎ ያለውን የዩኒቨርሲቲውን ባህል ማዕከል ጠይቂ፤ ከቤተ መጻሕፍቱ በእግር ነው።