የጓሮ ዝኩኒ ከአቅም በላይ ሆነ፤ እንዴት ላቆየው?

እመ ጓሮ፦
ሰላም ናችሁ። ዝኩኒው ሁሉ በአንድ ጊዜ ደርሶ 12 ኪሎ ያህል ተከምሯል፤ ተክሎቹም ገና እያበቡ ናቸው። ከመዳፍ ብዙ የማይበልጡ አሉ፣ ቅጠል ሥር ተደብቀው ክንድ ያከሉም አሉ። ጎረቤት በቃኝ ብሏል። የምታውቁ እባካችሁ እነዚህን መልሱልኝ፦

ፍሪዘር የገባ ዝኩኒ ሲቀልጥ ላሽቆ ውኃ ብቻ የሚሆነው ለምንድን ነው? እንደ ቲማቲም ቀቅሎ በጠርሙስ ማሸግስ ይቻላል? ትልልቆቹ ይበላሉ ወይስ ይጣሉ? ፍሪዘሩ ጠባብ ነው። አቼቶ፣ ጠርሙስና ኦቭን አለ።

ማጀት፦
እህቴ፣ ቢላ ከማንሳትሽ በፊት በመጠን ለያያቸው። እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሆኑት ልጣቸው ስስ፣ ፍሬያቸውም ገና ለስላሳ ስለሆነ ለጥብስ፣ ለአቼቶና ተቆርጠው ለፍሪዘር ይሆናሉ። እስከ 30 ያሉት ለመፈቅፈቅና ለሾርባ። ከዚያ ያለፉትም አይጣሉም፤ ልጠሽ፣ በቁመታቸው ሰንጥቀሽ፣ መሐሉ ላይ ያለውን ስፖንጅ የመሰለ ነገር ከነፍሬው በማንኪያ ጠርገሽ አውጪ። ሥራ ላይ የሚውለው ከዳር የሚቀረው ጠንካራው ክፍል ነው። መላጥ ይኑርበት አይኑርበት ለማወቅ በጥፍርሽ ጫን በይው፤ በቀላሉ ካልተበሳ ይላጥ።

ዛሬ የማትደርሺበትን አትጠቢው፤ እርጥብ ልጥ ቶሎ ይልገለጋል። ደረቁን እንዳለ ቀዳዳ ባለው ከረጢት አድርገሽ በፍሪጁ የአትክልት መሳቢያ ውስጥ ብታስቀምጪው ሳምንት ያህል ይቆያል። ፍሪጁ በጣም ቀዝቃዛ ከሆነ ግን ተጠንቀቂ፤ ከ5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ለቀናት የቆየ ዝኩኒ ልጡ ላይ ጎድጎድ ያሉ ነጠብጣቦች ያወጣል፣ ከዚያ በኋላ መበስበሱ ፈጣን ነው።

አሁን ወደ ውኃው ልምጣ፤ ጣጣው ሁሉ የሚመነጨው ከዚያ ነውና። ዝኩኒ ከክብደቱ 95 በመቶ ገደማው ውኃ ነው። ፍሪዘር ውስጥ ያ ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ይሰፋና የአትክልቱን ሕዋሳት ይበጣጥሳል፤ ሲቀልጥ ውኃው የሚይዘው አጥቶ ይፈስሳል። ይህን ጨርሶ ማስቀረት አይቻልም፣ መቀነስ ግን ይቻላል። ከፍሪዘር የወጣ ዝኩኒ ተጠብሶ ቀጥ ብሎ ይቆማል ብለሽ አትጠብቂ፤ ቦታው ሾርባና ስጎ ነው።

ለፍሪዘር እንዲህ ይዘጋጃል፦ ትንንሾቹን 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አድርገሽ ክብ ክብ ቁረጪ። 4 ሊትር ውኃ በደንብ አፍይና በአንድ ጊዜ ከ500 ግራም ያልበለጠ ክተቺበት። ውኃው በ1 ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ መፍላት አለበት፤ ካልፈላ ዝኩኒው በዝቷል። መፍላት ከጀመረበት 3 ደቂቃ ቆጥረሽ በማጥለያ አውጪና በረዶ ያለበት ውኃ ውስጥ ለሌላ 3 ደቂቃ አቆዪው። ይህ የሚደረገው ለማብሰል አይደለም፤ ፍሪዘር ውስጥም ሥራቸውን የማያቆሙትን፣ ቀለሙንና ጣዕሙን የሚያበላሹትን ኢንዛይሞች ለመግደል ነው። ማቀዝቀዙን ችላ ያለ ሰው ዝኩኒው በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥልበትና ገና ፍሪዘር ሳይገባ ይላሽቅበታል።

ከዚያ በንጹህ ጨርቅ አድርቀሽ ትሪ ላይ ሳይደራረብ ዘርጊው፣ 2 ሰዓት ያህል ፍሪዘር ውስጥ ይጠንክር፣ በመጨረሻ ዚፕ ባለው ከረጢት አየሩን አስወጥተሽ ዝጊበት። ትሪውን ከዘለልሽ አንድ ቋጥኝ ሆኖ ይያያዛል፣ ጥቂት ለማውጣት መዶሻ ያስፈልግሻል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ከ8 እስከ 12 ወር ጥራቱን ይጠብቃል። ስታወጪው እንዲቀልጥ አትጠብቂ፤ እንደ በረዶነቱ ድስት ውስጥ ይግባ።

ትኩሱን ስትጠብሺም መርሑ ያው ነው። መጥበሻው በደንብ ሳይግል ከገባ፣ ወይም ከተደራረበ፣ የሚወጣው ውኃ መትነን ያቅተውና ዝኩኒው ተቀቀለ እንጂ አልተጠበሰም። ጨው ከእሳት ሲወርድ ነው። በኦቭን ከሆነ 220 ዲግሪ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ፣ ለ1 ኪሎ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ፤ መሐል ላይ አንዴ ይገላበጥ።

ለተፈቀፈቀው በ1 ኪሎ 10 ግራም ጨው (2 የሻይ ማንኪያ ገደማ) ነስንሰሽ ግማሽ ሰዓት ማጥለያ ላይ ተይውና በጨርቅ ጠምዝዘሽ ጭመቂው። ክብደቱ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ለቂጣ መሰል ጥብስ 500 ግራም (ሳይጨመቅ የተመዘነ)፣ 1 እንቁላል፣ 60 ግራም ዱቄት፣ ትንሽ ሽንኩርትና ቁንዶ በርበሬ ይበቃል፤ በየጎኑ 3 ደቂቃ። ሊጡን መጥበሻው ከጋለ በኋላ አዋህጂው። ቀድሞ ተዋህዶ የቆየ ሊጥ ውኃ ያወጣል፣ ሰው ደግሞ ዱቄት ይጨምርበታል፣ ውጤቱ ሙጫ ነው። ለኬክ ከሆነ ግን ጨው አይነካውም፣ መጭመቁም ለዘብ ይበል፤ የኬኩ ልክ እርጥበቱን ቆጥሮ የተሠራ ነውና።

ጠርሙስና ክዳን፦
የማሸጉን ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ ጤና የሚነካው እሱ ነው። ዝኩኒ እንዲሁ በውኃ ወይም ተፈጭቶ በጠርሙስ አይታሸግም። ቲማቲም የሚታሸገው ኮምጣጣ ስለሆነ ነው፣ እሱም ቢሆን የሎሚ ጭማቂ ወይም ሲትሪክ አሲድ ይጨመርበታል። ዝኩኒ ግን አሲዱ በጣም ዝቅተኛ ነው፤ ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል አሲዱ ያንሳል) ከ5.5 በላይ ሲሆን የደኅንነቱ ወሰን 4.6 ነው። ከዚያ በላይ በሆነና አየር በሌለበት ጠርሙስ ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ መርዙን ማምረት ይችላል። ዘሩ (ስፖሩ) በ100 ዲግሪ ለሰዓታት ቢፈላም ሊተርፍ ይችላል፤ መርዙ ደግሞ ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ይችላል። "በግፊት ድስትስ?" የሚል ይኖራል። ዝኩኒ ሲሞቅ እርስ በርሱ ተጣብቆ ስለሚጠቀጠቅ ሙቀቱ መሐል ድረስ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም፣ በሙከራ የተረጋገጠ ደቂቃም የለውም። ስለዚህ ወይ አቼቶ፣ ወይ ፍሪዘር፣ ወይ ማድረቅ።

በአቼቶ ሲሠሩ፦ 1 ኪሎ ትንንሽ ዝኩኒ በስሱ፣ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይቁረጡ፤ 230 ግራም ሽንኩርትም እንዲሁ። አበባው የነበረበትን ጫፍ 2 ሚሊ ሜትር ቆርጠው ይጣሉት፤ እዚያ ያለው ኢንዛይም ነው አቼቶ ውስጥ የሚያልፈሰፍሰው። ሁለቱን አንድ ላይ አድርገው ከላያቸው 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪያልፍ ውኃ ይሙሉ፣ 70 ግራም ጨው ይጨምሩ፣ 2 ሰዓት አቆይተው በደንብ ያጥልሉ። 480 ሚሊ ሊትር አቼቶ፣ 200 ግራም ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የሰናፍጭ ፍሬ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሰለሪ ዘርና 1 የሻይ ማንኪያ እርድ አፍልተው አትክልቱን ይጨምሩበት፤ 5 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይንተክተክ። በትኩሱ በሞቁ የግማሽ ሊትር ጠርሙሶች ይሙሉ፣ ከአፉ 1.3 ሴንቲ ሜትር ይጉደል፣ አፉን ጠርገው ይክደኑ። ከዚያ ጠርሙሶቹን ክዳናቸው በሚሸፈን የፈላ ውኃ ውስጥ ይቀቅሏቸው፦ ከባሕር ወለል እስከ 300 ሜትር 10 ደቂቃ፣ እስከ 1,800 ሜትር 15፣ ከዚያ በላይ 20። ከፍታው ሲጨምር ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ነው ደቂቃው የሚጨምረው። ሲቀዘቅዝ የክዳኑን መሐል በጣት ይጫኑት፤ ወደ ላይ የሚዘልልዎ ከሆነ አልታሸገም፣ ፍሪጅ ገብቶ ቶሎ ይበላ።

አቼቶው 5 በመቶ አሲድ መሆኑን መለያው ላይ ያንብቡ። ከዚያ የደከመ አቼቶ ወይም የቤት አቼቶ ለዚህ አይሆንም፣ ውኃም አይጨመርበት። ስኳሩን ቢቀንሱ ግድ የለም፤ አቼቶውን መቀነስ፣ ወይም "ትንሽ ነጭ ሽንኩርትና ካሮት ልጨምር" ብሎ አትክልቱን ማብዛት ግን ሚዛኑን ያፈርሳል። አዮዲን ያለበት ጨው ጉዳት የለውም፣ ፈሳሹን ግን ሊያደፈርስ ይችላል።

ይህ ሁሉ ከሰለቸዎ የፍሪጅ ዓይነቱ አለ። ለ500 ግራም 250 ሚሊ ሊትር አቼቶ፣ 250 ውኃ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ 1 ስኳር፣ ጥቂት እንስላል፤ አፍልቶ ማፍሰስ ብቻ ነው። በማግስቱ ይበላል፣ ቀጭ ቀጭ ማለቱም ከመጀመሪያው ይሻላል። ከፍሪጅ እንዳይወጣ፣ በወር ውስጥም ይለቅ።

ቆጣቢ፦
ማጀት ባለው ላይ አንድ ነገር ልቃወም። ፍሪዘር የሚገባ ሁሉ ዝኩኒ በፈላ ውኃ መነከር የለበትም። የተፈቀፈቀውን ውኃ ውስጥ መክተት መጨመር እንጂ መቀነስ አይደለም። በሦስት ወር ውስጥ ለኬክ የሚያልቅ ከሆነ ጥሬውን፣ ያለ ጨው፣ ለዘብ አድርጎ ጨምቆ 250 ግራም 250 ግራም መክተት ይበቃል። ከረጢቱን በእጅ ጠፍጥፎ እንደ መጽሐፍ ማስተኛት፤ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ጠባብ ፍሪዘር ውስጥም ጎን ለጎን ይደረደራል። ክብደቱንና ቀኑን ከረጢቱ ባዶ እያለ መጻፍ ነው፤ በረዶ ከያዘ በኋላ ቀለም አይዝም።

ለጠባብ ፍሪዘር ግን ከሁሉ የሚሻለው ማድረቅ ነው። ውኃው ሲወጣ ከ1 ኪሎ የሚተርፈው 60 ግራም ገደማ ነው። 5 ሚሊ ሜትር ተቆርጦ፣ ለ2 ደቂቃ ተኩል ያህል በእንፋሎት ተመትቶ፣ በ55 ዲግሪ አካባቢ ሳይደራረብ ይደርቃል። ሰዓቱ እንደ ውፍረቱና እንደ አየሩ እርጥበት ይለያያል፤ በማድረቂያ ማሽን ግማሽ ቀን ያህል ይገመታል። የደረሰው ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ እንደ ቆዳ ከተለመጠ ገና ነው። ብዙ ኦቭኖች ከ70 ዲግሪ በታች አይወርዱም። በዚያ ሙቀት ላዩ ቶሎ ይጠነክርና የውስጡን እርጥበት አፍኖ ያስቀራል፣ ከሳምንታት በኋላ ከመሐል ሻጋታ ይነሳል። በሩን በእንጨት ማንኪያ ገርበብ አድርጎ መክፈት ሙቀቱን ያወርዳል፣ እንፋሎቱንም ያስወጣል።

ደርቆ ሲቀዘቅዝ ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህል ሞልቶ ለሳምንት በየቀኑ መነቅነቅ ያስፈልጋል። የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ላብ ከታየ ሁሉም ተመልሶ ይድረቅ።

ማጀት፦
ለሦስት ወር ከሆነ እሺ፣ ልክ ነህ። ከዚያ የሚያልፈውን ግን የተፈቀፈቀውንም ቢሆን በጥቂት በጥቂቱ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ እንፋሎት ላይ አድርጉት፤ ብርሃን ማሳለፍ ሲጀምር ይበቃዋል። በእንፋሎት ከሆነ ውኃ አይጠጣም።

እመ ጓሮ፦
ሁላችሁም ተባረኩ። ሁለት ነገር ቀረኝ። የተጠበሰውን ከነጭ ሽንኩርት ጋር ዘይት ውስጥ ዘፍቆ ጓዳ ማስቀመጥ ይቻላል? ደግሞ ካለፈው ዓመት ከተረፈ ዘር የበቀለው አንዱ ተክል ፍሬው ይመራል፤ ሲበስል ይለቀዋል?

ጠርሙስና ክዳን፦
ዘይቱ ጓዳ አይቀመጥም። ዘይት አየር ይከለክላል እንጂ አሲድ አይሰጥም፤ ከላይ ያልኩት የቦቱሊዝም ነገር እዚህም ይሠራል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ደግሞ ይብስበታል። ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን፣ ከዚያ ካለፈ ፍሪዘር።

መራራውን አይብሉት፤ ማብሰልም አይለቀውም። መራራነቱ ኩኩርቢታሲን የሚባል መርዝ ነው፣ ጥቂቱም ክፉኛ ሊያስመልስና ሊያስቀምጥ ይችላል። ዝኩኒ ካጠገቡ ካሉ የጌጥ ቅሎች ጋር ተዳቅሎ ከሆነ የዚያ ዓመት ፍሬ ምንም አይሆንም፤ ከእሱ የተወሰደ ዘር ሲዘራ ነው መራራው የሚወጣው። ተክሉን ነቅለው ይጣሉት፣ ዘሩንም አያስቀሩ። ከሌሎቹ ተክሎች የተለቀሙትንም ቢሆን አንድ ድስት ከመቀላቀልዎ በፊት ከእያንዳንዱ ቅንጣት ቆርሰው በምላስ ጫፍ ይቅመሱና ይትፉት፤ አንድ መራራ 5 ሊትር ሾርባ ያበላሻል።

ቆጣቢ፦
ተክሎቹ ገና እያበቡ ነው ስላልሽ፦ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ሲሆኑ፣ በየቀኑ ወይም ቢበዛ በየሁለት ቀኑ ልቀሚ። አንድ ግዙፍ ፍሬ ተክሉ ላይ ከተተወ አዲስ ማፍራቱን ያዘገየዋል፤ ያንን እንደ ዘዴ የሚጠቀሙ አሉ፣ ግን ከኋላ የሚመጣው ክንድ የሚያክለው ዝኩኒ ነው። የሚሻለው ከሥሯ ትንሽ ፍሬ ያንጠለጠለችውን ሴቷን አበባ ገና በጠዋት፣ ክፍት ሳለች፣ ከነፍሬዋ መቁረጥ ነው። በቀጭን አገዳ ላይ የቆመውና ፍሬ የሌለው አበባ ወንዱ ነው፤ እሱን ብትቀንሺ ምርቱ ያን ያህል አይቀንስም። የተቆረጠችው ከነአበባዋ ትጠበሳለች፤ ውስጧ ንብ ወይም ጉንዳን እንዳይኖር ግን አራግፊያት።