የመቀንጨር ጥናት ፕሮፖዛላችን፦ ምን እንለካ? ከመቼ እንጀምር?

አስተባባሪ (የሕፃናት ሐኪም)፦
ወገኖች፣ ረቂቁን ከመጻፌ በፊት ሐሳባችሁን ልስማ። በ2019 እ.ኤ.አ. በተሠራው ሀገራዊ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን 37 በመቶው ቀንጭረዋል፤ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው አጭር ነው። እኛ ስንመክር የኖርነው ስለ ምግብ ነው። ግን እናት ያላትን እያበላች ልጁ አላድግ ያለበትን ቤት ሁላችንም እናውቃለን። አንጀት በጀርም ተደጋግሞ ሲጠቃ ይቆጣል። ተቅማጥ ባይታይም ይህ ቁጣ፣ ማለትም ብግነቱ፣ ውስጥ ለውስጥ ይቀጥላል። ያኔ ምግቡ በደንብ ወደ ደም አይገባም። አጥንት እንዲረዝም የሚያደርገው አይጂኤፍ-1 የተባለው ሆርሞንም ይቀንሳል። ስለዚህ ከቁመትና ከክብደት ጋር ብግነትንም እንለካ እላለሁ።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦
ዶክተር፣ በጣም እደግፋለሁ። ግን ብግነት ሲኖር ደም ውስጥ የሚጨምረውን ሲአርፒ የተባለ ፕሮቲን ብቻውን አንለካው። እሱ ቶሎ ወጥቶ ቶሎ ይወርዳል። ሌላው የብግነት ፕሮቲን ኤጂፒ ቀስ ብሎ ይነሳና ይቆያል። ሁለቱ አብረው ይለኩ። ሌላው የሰውነትን የብረት ክምችት የሚያሳየው ፌሪቲን የተባለው ፕሮቲን ነው። ብግነት ፌሪቲንን ከፍ ስለሚያደርገው ብረት ያነሰው ልጅ ውጤቱ ላይ ደህና ይመስላል። እንዲህ እያየን "ምንም የለውም" ብለን የመለስናቸው ልጆች ስንት ይሆኑ? ይህ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።

አዋላጅ ነርስ፦
የወባ ምርመራም ይጨመር። ከመስከረም እስከ ኅዳር እኛ ጋ ወባ ይበዛል። በወባ የወጣን ሲአርፒ በአንጀት እንዳናሳብብ። ደግሞ ለምን ከወሊድ በኋላ እንጀምራለን? ክረምት ላይ ጎተራው ሲራቆት እርጉዟ ለሌላው አብልታ ራሷ ጦሟን ታድራለች። በሆላንድ በ1944 እና 1945 እ.ኤ.አ. በነበረው ረሃብ ማህፀን ውስጥ የነበሩ ሰዎች 50 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ተመርምረው ነበር። ሰውነታቸው ስኳርን የመቆጣጠር አቅሙ ደክሞ ተገኘ። ከመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል እንጀምር፣ እባካችሁ።

የጥርስ ሐኪም፦
እኔ ጋ ደግሞ ማንም የማይጠይቀው ማስረጃ አለ። የወተት ጥርስ ኢናሜል፣ ማለትም ጠንካራው የላይኛው ሽፋን፣ መሠራት የሚጀምረው ማህፀን ውስጥ ነው። አንዴ ከተሠራ አይታደስም። ልጁ ሲወለድ መስመር ይሠመርበታል። ከባድ ሕመም ሲደርስበትም ምልክቱ ይቀራል። በማይክሮስኮፕ ይታያል። ልጆቻችን ጥርሳቸው ሲወልቅ ጣራ ላይ ይወረውሩታል። እናቶቹን ብንለምናቸው ያስቀምጡልናል፤ ልጁም መርፌ አይወጋም።

የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ፦
አንድ ነገር ላንሳ። በባንግላዴሽ፣ በኬንያና በዚምባብዌ ለቤተሰቦች ሽንት ቤትና እጅ መታጠቢያ ተሠርቶ ተጠንቷል። በዚህ ብቻ የልጆቹ ቁመት አልጨመረም። ተጨማሪ ምግብ ያገኙት ግን በጥቂቱ ጨመሩ። ስለዚህ "ብግነቱን ካወቅን መፍትሔው ተገኘ" የሚል ዓረፍተ ነገር ፕሮፖዛሉ ውስጥ እንዳይገባ። የታመመ ልጅ ስናገኝም የሚታከምበት በጀት ከአሁኑ ይያዝ። ያለዚያ እኔ አልፈርምም።

አስተባባሪ፦
ልክ ነህ፣ እኔም ያለ ሕክምና በጀት አላስገባውም። እንግዲህ ረቂቁ ሁለት ቡድን ይኖረዋል። አንዱ ከእርግዝና ጀምሮ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው የምንከታተለው ነው። ሌላው በዚያው ቀበሌ ያሉ፣ ጥርሳቸው የሚወልቅ የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆች ናቸው። ኤጂፒና ወባ ገብተዋል። የቀረን የእናቶች የስምምነት ቅጽ ነው። ሲስተር፣ እናቶቹ የሚገባቸውን አነጋገር ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ይጽፉልናል?

አዋላጅ ነርስ፦
እሺ፣ እስከ ሐሙስ። ግን መጀመሪያ ለሦስት እናቶች አንብቤላቸው የሚሉትን ልስማ።